አለቃ የሌለው መረብ አለቆቹን እንዴት አገኘ?

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2009 ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የሚታወቀው ሰው የመጀመሪያውን የቢትኮይን ሶፍትዌር ለክሪፕቶግራፊ ሰዎች በኢሜይል ሲያስተዋውቅ፣ በመሀል አንዲት ትንሽ ልመና ጣል አድርጎ ነበር። ከውጭ የሚመጣ ግንኙነት የሚቀበል ኮምፒውተር ሳታጠፉ ማቆየት ከቻላችሁ መረቡን በጣም ትረዱታላችሁ፤ ለዚህም ፋየርዎላችሁ ላይ 8333 የተባለውን ፖርት ክፈቱ የምትል ናት። ተራ የቴክኒክ ማሳሰቢያ ትመስላለች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ማን እንዳተረፈ፣ ማን እንደከሰረ፣ ማን እንደተዘረፈ ለተከታተለ ሰው ግን ብዙው ነገር ተመልሶ ወደዚህች ልመና ይመጣል።

ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ናካሞቶ ባወጣው የ9 ገጽ ሰነድ ላይ የተገባው ቃል የእኩልነት ነበር። ባንክ የለም፣ ማዕከላዊ ሰርቨር የለም፣ አለቃ የለም። እያንዳንዱ ኮምፒውተር (ኖድ ይሉታል) የሒሳብ መዝገቡን ቅጂ ይይዛል፤ አዲስ ነገር ሲሰማ ለጎረቤቶቹ ይነግራል፤ እነሱም ለጎረቤቶቻቸው። ሲፈልግ ይወጣል፣ ሲፈልግ ተመልሶ ይገባል። ድምፁም በፕሮሰሰር ልክ ነው፤ ለአንድ ፕሮሰሰር አንድ ድምፅ። ሰነዱ ስለ አንድ ነገር ግን ዝም ብሏል። አንድ ኖድ ስንት ጎረቤት እንዳለውና ጎረቤቶቹ እነማን እንደሆኑ አይናገርም።

የመጀመሪያዎቹ ኖዶች የተገናኙበት መንገድ ዛሬ ሲሰሙት ያስቃል። ማንንም አላምንም ብሎ የተነሳው መረብ ጎረቤቶቹን የሚያፈላልገው በቻት ሩም ነበር። ሶፍትዌሩ ሲከፈት ራሱ አይአርሲ ወደሚባለው የድሮ የቻት አገልግሎት ይገባና አድራሻውን ለጥፎ የሌሎቹን ያነብባል። በኋላ ይህ ቀርቶ በጥቂት በጎ ፈቃደኞች የሚተዳደሩ የአድራሻ ሰጪ ሰርቨሮች ተተኩ። አድራሻ ካገኘ በኋላ ኖዱ በራሱ ፈቃድ ስምንት ወጪ ግንኙነቶችን ይከፍታል። ከውጭ የሚመጡትን ደግሞ ወጪና ገቢው ተደምሮ 125 እስኪሞላ ድረስ ይቀበላል። የሶፍትዌሩ መነሻ ቅንብር ይህ ነው፤ ባለቤቱ ሊቀይረው ይችላል።

ክፍፍሉ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ባለ ራውተር ወይም በሞባይል ኔትወርክ ጀርባ የተቀመጠ ኮምፒውተር በመደበኛው አሠራር ከውጭ አይታይም። እሱ ሌሎችን ይደውላል እንጂ ማንም አይደውልለትም። ስምንት መስመር ይዞ ይኖራል። በሩን ከፍቶ በፈጣን ዳታ ሴንተር ውስጥ የተቀመጠው ደግሞ ከመቶ በላይ ጎረቤት ይሰበስባል፤ ቅንብሩን ከቀየረ ሺዎችን ሊይዝ ይችላል። ሁለቱም ያው ሶፍትዌር ነው የጫኑት። ሁለቱም በሕጉ ፊት እኩል ናቸው። ወሬ ግን አንደኛው ጋ ቀድሞ ይደርሳል፤ ከአንደኛው ቀድሞ ይወጣል።

ወሬ ቀድሞ መስማት ብር የሚሆነው በማይኒንግ ነው። በቢትኮይን መረብ ላይ አዲስ ብሎክ በአማካይ በየ10 ደቂቃው ይገኛል። ብሎኩን ያገኘው ማይነር ሽልማት ይወስዳል፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2013 ሽልማቱ 25 ቢትኮይን ነበር። ሁለት ማይነሮች በተቀራረበ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ብሎኮች ቢያገኙስ? እያንዳንዱ ኖድ ቀድሞ የሰማውን ይይዛል። መረቡ ለጊዜው ለሁለት ይከፈላል፤ ቀጣዩ ብሎክ የተቀጠለበት ወገን ያሸንፋል፤ የተሸነፈው ብሎክ ይጣላል፣ ባለቤቱም የከፈለው መብራት ከንቱ ይቀራል። እንዲህ ባለ ፉክክር ብሎኩን ለብዙ ሰው ቀድሞ ያሰማ ይጠቀማል። የማይነሩ አቅም ብቻ አይደለም የሚወዳደረው፤ ሽቦውም ይወዳደራል።

ይህን በቁጥር ያሳዩት ክርስቲያን ዴከርና ሮገር ቫተንሆፈር የተባሉ የዙሪክ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት አንድ ብሎክ ወደ አንድ ኖድ ለመድረስ አማካይ ጊዜው 12.6 ሰከንድ ሆኖ ተገኘ። ግማሾቹ ኖዶች በ6.5 ሰከንድ ውስጥ ሰምተዋል። ከ40 ሰከንድ በኋላም ያልሰሙ 5 ከመቶ ኖዶች ነበሩ። 10 ደቂቃ ለሚፈጅ ጨዋታ 40 ሰከንድ ቀላል አይደለም። ያ የመጨረሻው 5 ከመቶ ውስጥ የገባ ማይነር በእያንዳንዱ ዙር ሌሎቹ ጉዞ ከጀመሩ በኋላ ነው ጫማውን የሚያስረው፤ ለዚያውም መብራቱን እየከፈለ።

የዙሪኮቹ ሥራ ከመለካት አልፏል። ራሳቸው አንድ ኖድ አቁመው መረቡ ውስጥ ካገኙት ኖድ ሁሉ ጋር አገናኙት። በመሀል የተቀመጠው ይህ ኖድ የሰማውን ወዲያው ለሁሉም ያደርስ ጀመር። ሌሎች ሁለት ማሻሻያዎችም ተጨምረውበት የመረቡ መከፋፈል ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ ዋናውን ድርሻ የያዘውም ግንኙነቱን ማብዛቱ ነበር። ውጤቱን እንደ መልካም ዜና ማንበብ ይቻላል፤ እነሱም መፍትሔ ነው ያቀረቡት። በሌላ ዓይን ሲታይ ግን አንድ የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ማንንም ሳያስፈቅድ፣ አንድም ብሎክ ሳያመርት፣ በሽቦ ብዛት ብቻ የዓለም አቀፉን መረብ ጠባይ መቀየር መቻሉ ነው የታየው።

በዚያው ዓመት ኢታይ ኤያልና ኤሚን ጉን ሲረር የተባሉ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ነገሩን ወደ ጨለማው ጎኑ ወሰዱት። አንድ የማይነሮች ቡድን ያገኘውን ብሎክ ወዲያው ከማሰማት ይልቅ ደብቆ ቢይዝ፣ ሌሎቹ አሮጌው ላይ ሲደክሙ እሱ ቀጣዩን ይጀምራል። ሌላ ሰው ብሎክ ሲያገኝ የደበቀውን አውጥቶ ይለቅቃል። ሤራው የሚያዋጣው መቼ ነው? መልሱ በግንኙነት ላይ የተንጠለጠለ ሆነ። ቡድኑ ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚሰማ ከሆነ የመረቡን አቅም አንድ ሦስተኛ መያዝ አለበት። ከሌሎቹ ግማሹን ቀድሞ ማሰማት ከቻለ አንድ አራተኛ ይበቃዋል። ሁሉንም ቀድሞ ማሰማት የሚችል ከሆነ ግን የቡድኑ ትንሽነት አያግደውም፤ ምንም ያህል አነስተኛ አቅም ይዞ ከድርሻው በላይ ይወስዳል። ከግማሽ በላይ ካልያዙ አደጋ የለም ተብሎ ለዓመታት ይነገር የነበረው ነገር በዚህ ስሌት ተናጋ።

ታዲያ ማይነሮቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ማት ኮራሎ የተባለው የቢትኮይን ገንቢ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ብሎኮችን በፍጥነት የሚያሻግር፣ በተለያዩ አህጉራት የቆሙ ሰርቨሮች ያሉት የማስተላለፊያ መስመር ዘረጋ። ለማንም ክፍት ነበር፤ ዓላማውም ትንንሾቹ ማይነሮች ከትልልቆቹ እኩል እንዲሰሙ ነው። አለቃ በሌለው መረብ ላይ አንድ ሰው የሚያስተዳድረው ፈጣን መንገድ ተደረበ ማለት ነው። ኮራሎ ራሱ ይህ ጥገኝነት እንዲቀር ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በዋናው ሶፍትዌር ውስጥ የገባው የታመቀ ብሎክ አሠራር የእሱ ሥራ ነው። ኖዱ አስቀድሞ የሰማቸውን ዝውውሮች ደግሞ ከመቀበል ይልቅ አጭር ዝርዝራቸውን ብቻ ይቀበላል። ይህ የኋለኞቹን ኖዶች ርቀት በእጅጉ አጠበበ።

ከዚያ በፊት ግን የቻይና ጉዳይ ነበር፤ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ብዙ የሚያስተምረውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከመረቡ የማይኒንግ አቅም ከግማሽ በላዩ ኤፍቱፑልና አንትፑልን በመሳሰሉ የቻይና ፑሎች እጅ ነበር። ፑል ማለት የብዙ ማይነሮችን አቅም በአንድ የሚያሰባስብ፣ ሽልማቱን እንደየድርሻቸው የሚያከፋፍል ድርጅት ነው፤ የዕቁብ ያህል ቀላል ባይሆንም ዘመድ ነው። እነዚህ ፑሎች የኮምፒውተር አቅም ሞልቷቸዋል፤ መብራት ሞልቷቸዋል። የጎደላቸው አገር አቋራጭ መስመር ነበር። ከአገር የሚወጣና ወደ አገር የሚገባው የኢንተርኔት ትራፊክ በመንግሥቱ የኢንተርኔት አጥር በኩል ስለሚያልፍ ይዘገያል፣ ይቆራረጣል።

ጣጣው በሁለት መልክ ታየ። በዚያ ዓመት የብሎክ መጠን ከ1 ሜጋባይት ወደ 20 ሜጋባይት ይደግ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ የቻይና ፑሎች በጁን ወር በጋራ እስከ 8 ሜጋባይት ብቻ እንቀበላለን አሉ። ምክንያታቸው የኢንተርኔት መስመራቸው ነበር። የዓለምን ገንዘብ ይተካል የተባለው መረብ ስፋቱ በአንድ አገር የኢንተርኔት መስመር ጥበት ተለካ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው የባሰ ነበር። አንድን ብሎክ ሙሉ በሙሉ እስኪቀበሉና እስኪያጣሩ ድረስ ሰከንዶች ይባክናሉ፤ መስመሩ ቀርፋፋ ሲሆን ደግሞ ብዙ ሰከንዶች። ስለዚህ አንዳንድ ፑሎች የብሎኩን ራስጌ ብቻ ሰምተው፣ ውስጡ ትክክል ነው ብለው አምነው፣ ሳያጣሩ ቀጣዩን ይጀምሩ ነበር። ጁላይ 4 ቀን 2015 አንድ አዲስ ሕግ ሥራ ላይ በዋለ በሰዓታት ውስጥ ሶፍትዌሩን ያላደሰ ትንሽ ማይነር ሕጉን የጣሰ ብሎክ አወጣ። ከመረቡ አቅም ግማሽ ያህሉ ያለ ማጣራት ይሠራ ስለነበር በዚያ ስህተት ላይ ሌሎች ብሎኮች ተደረደሩ። ስድስት ብሎክ የረዘመ የተበላሸ ሰንሰለት ተፈጠረ። ስድስት ማለት ነጋዴዎች ክፍያው ተረጋግጧል ብለው ዕቃ የሚያስረክቡበት ልክ ነው። ማይነሮቹ በዚያች ሌሊት ከ50,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ ሽልማት አጡ። ቆሻሻውን ያወቁት እያንዳንዱን ብሎክ ራሳቸው የሚያጣሩ ተራ ኖዶች ነበሩ፤ እነሱ አልተሳሳቱም።

የቻይናን ነገር በችኮላ የሚያነቡ ሰዎች ግን አንድ ስህተት ይሠራሉ። አጥሩ የጎዳው ቻይናዎቹን ብቻ ይመስላቸዋል። ከአቅሙ ከግማሽ በላይ በአጥሩ ውስጥ ካለ፣ ውስጥ ያሉት እርስ በርስ በፍጥነት ይሰማማሉ፤ ዘግይቶ የሚሰማው ውጭ ያለው አናሳ ነው። ብሎክ የሚጣልበትም እሱ ነው። በዚህ መረብ ላይ ዳር ማለት ከዋሽንግተን ወይም ከለንደን መራቅ አይደለም፤ ብዙው አቅም ካለበት መራቅ ነው። መሀሉ ቦታውን ሲቀይር ዳሩም አብሮ ይቀየራል።

የጎረቤት ብዛት ብቻውን እንደማይበቃም በዚያው ዓመት ታወቀ። የቦስተን ዩኒቨርሲቲና የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድን ኖድ ከመረቡ ሳያቋርጡ ከእውነት ማቋረጥ እንደሚቻል አሳዩ። አጥቂው የኖዱን የአድራሻ ደብተር በራሱ አድራሻዎች ይሞላዋል፤ ኖዱ ጠፍቶ እስኪነሳ ይጠብቃል። ሲነሳ ስምንቱም ወጪ መስመሮች ወደ አጥቂው ይሄዳሉ፤ ገቢውንም አጥቂው ራሱ ያጣብበዋል። ከዚያ በኋላ ኖዱ የሚያየው ዓለም አጥቂው የሚያሳየውን ብቻ ነው። ያልተከፈለውን ተከፈለ፣ የተከፈለውን አልተከፈለም ይሉታል። ከመቶ በላይ ጎረቤት አለኝ ብሎ ይተማመናል፤ ሁሉም ግን አንድ ሰው ናቸው። ጥናቱ ከወጣ በኋላ የአድራሻ ደብተሩ አያያዝ ተለወጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ብሎክ ብቻ የሚለዋወጡ ሁለት ተጨማሪ ወጪ መስመሮች ተጨመሩ።

ከሁሉም በታች ደግሞ ሽቦው የራሱ ባለቤት አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ዘራፊ በካናዳ ካለ የኢንተርኔት አቅራቢ ተነስቶ የኢንተርኔትን የመንገድ ምልክት በማሳሳት ከማይነሮች ወደ ፑሎች የሚሄደውን ትራፊክ ወደ ራሱ ሲያዞር ቆይቶ 83,000 ዶላር ያህል መዝረፉን ሴኪዩርወርክስ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ገልጿል። ማይነሮቹ ማሽናቸው ይሠራል፣ መብራት ይበላል፣ ገንዘቡ ግን ለሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ማሪያ አፖስቶላኪ፣ አቪቭ ዞሃርና ሎረን ቫንቤቨር ባወጡት ጥናት ደግሞ 30 ከመቶው የቢትኮይን ኖድ በ13 የኢንተርኔት ድርጅቶች ውስጥ እንደሚገኝ፣ በኖዶች መካከል ሊኖሩ ከሚችሉ ግንኙነቶች 60 ከመቶው በሦስት ድርጅቶች በኩል እንደሚያልፉ ተገኘ። በሺዎች የተበተነ የሚመስለው መረብ ከሥሩ ሲታይ በጣት በሚቆጠሩ መንገዶች ላይ ነው የሚሄደው።

እ.ኤ.አ. በ2021 ቻይና ማይኒንግን ስትከለክል የዓለም የማይኒንግ አቅም በሳምንታት ውስጥ በግማሽ ያህል ወረደ፤ ማሽኖቹ በኮንቴይነር ተጭነው ርካሽ መብራት ፍለጋ ወጡ። ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካዛኪስታን፤ ቆይቶም ወደ ኢትዮጵያ። ብሉምበርግ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 እንደዘገበው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ21 የቢትኮይን ማይነሮች ጋር የኃይል አቅርቦት ውል ፈጽሟል፤ ከሁለቱ በቀር ሁሉም ቻይናውያን ናቸው። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 3.14 የአሜሪካ ሳንቲም፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ። ሒሳቡ ለመብራት ሻጩ ግልጽ ነው፤ ስለ ህዳሴ ግድቡ ኃይልና መብራት ስላልደረሳቸው ገጠሮች የሚነሳው ክርክርም ብዙ ተብሎበታል። ብዙም ያልተባለው ስለ ሽቦው ነው።

ኮንቴይነር ውስጥ የሚያጓራው ማሽን ኖድ አይደለም። የሒሳብ መዝገቡን አይዝም፣ ዝውውር አያጣራም፣ ከቢትኮይን መረብ ጋርም በቀጥታ አይነጋገርም። በቀጭን መስመር ከአንድ ፑል ጋር ተገናኝቶ የሚሠራው ሥራ ይላክለታል፤ ሠርቶ መልሱን ይልካል። መልሱ ጥቂት ባይት ስለሆነ ፈጣን ኢንተርኔት አይፈልግም። የትኛው ዝውውር ብሎኩ ውስጥ ይግባ፣ የትኛው ይቅር፣ በየትኛው ሰንሰለት ላይ ይሠራ የሚለውን የሚወስነው ፑሉ ነው። ብሎኩ ሲገኝ ለዓለም የሚያሰማውም የፑሉ ኖድ ነው፤ ያ ኖድ ብዙ ጎረቤት ባለበት፣ ፈጣን መስመር በሞላበት ዳታ ሴንተር ነው የሚቀመጠው። አሜሪካዊው ፋውንድሪና ቻይና በቀሉ አንትፑል ሁለቱ ብቻ አንዳንድ ጊዜ ከግማሽ በላዩን የመረብ አቅም ይመራሉ። ስለዚህ ኢትዮጵያ ከዓለም የማይኒንግ አቅም ይህን ያህል ከመቶ ይዛለች የሚል ዜና ሲወጣ፣ የተቆጠረው ጉልበት ነው። ጉልበቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ድምፁ የሚሰጠው ሌላ ቦታ ነው። ከገበሬና ከእርሻ ባለቤት ግንኙነት ብዙ አይርቅም፤ አራሹ እዚህ፣ ጎተራው እዚያ።

ቀጭኑ መስመርም ቢሆን መኖር አለበት። ባሕር በር የሌላት አገር ከዓለም ጋር የምትገናኘው በጂቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል በሚያልፉ ገመዶች ነው። እ.ኤ.አ. ከጁን 30 ቀን 2020 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሳምንታት እንደቆየው ያለ ነገር ዛሬ ቢደገምና እነዚህን መስመሮችም ቢነካ፣ ከፑሉ የተቋረጠ ማሽን የሚያገኘው ዜሮ ነው። ግድቡ ሞልቶ ቢፈስም ለውጥ የለውም።

በሳተላይት ማለፍ ይቻላል የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 ብሎክስትሪም የተባለው ኩባንያ የቢትኮይንን መዝገብ ከሰማይ ማሰራጨት ጀምሯል፤ አፍሪካም ከመጀመሪያዎቹ ተደራሾች አንዷ ነበረች። አነስተኛ ዲሽ ያለው ሰው ያለ ኢንተርኔት እያንዳንዱን ብሎክ መስማት ይችላል። መስማት ብቻ ነው። ስርጭቱ አንድ አቅጣጫ ያለው ስለሆነ አንድ ዝውውር ወይም አንድ ብሎክ መላክ የፈለገ ሰው ተመልሶ ሌላ መስመር ይፈልጋል። ጆሮ ሰጥቶ አፍ የከለከለ ስጦታ ነው።

ሌላው የሚሞከረው መንገድ ስትራተም ሁለት የሚባለው አዲስ የማይነርና የፑል መነጋገሪያ ነው። በእሱ ሽልማቱን ፑሉ ያከፋፍላል፤ የብሎኩን ይዘት ግን ማሽኑ ያለበት ቦታ የሚገኝ ማይነር ራሱ መምረጥ ይችላል። ይህን የሚፈልግ ማይነር በኮንቴይነሩ አጠገብ የራሱን ሙሉ ኖድ ማቆም አለበት። ለኖዱ ከ600 ጊጋባይት በላይ ማከማቻ፣ በወር በመቶዎች ጊጋባይት የሚጭን የማይቆራረጥ መስመር፣ ከውጭ የሚታይ አድራሻ፣ እንዲሁም ያቺው ከ2009 ጀምሮ ቁጥሯ ያልተቀየረው 8333 ፖርት ያስፈልጉታል።